ኮተት ለማራገፍ ወኔው ከየት ይመጣል?

ቤቱ በዕቃ የተጨናነቀበት ሰው ችግሩን ያውቀዋል። ቁምሳጥኑ የሚዘጋው በትከሻ ተገፍቶ ነው። አልጋ ሥር ያለው ሻንጣ ምን እንደያዘ ከተረሳ ቆይቷል። መሳቢያው ውስጥ የየትኛው ስልክ እንደነበሩ የማይታወቁ ቻርጀሮች ተጠላልፈው ተኝተዋል። መፍትሔውም ድብቅ አይደለም፤ የማይፈለገውን ማውጣት ነው። ግን አይወጣም። "የሆነ ቅዳሜ ቁጭ ብዬ አጣራዋለሁ" ይባላል። ቅዳሜው ይመጣል፣ ወኔው ግን አብሮት አይመጣም።

በዚህ ጉዳይ የሚሰጠው ምክር አብዛኛው ስለ አደራደር ነው። ምን ዓይነት ቅርጫት ይገዛ፣ ልብስ እንዴት ይታጠፍ፣ መደርደሪያው የት ይቁም። እሱ ቀላሉ ክፍል ነው። ሰውን የሚይዘው ሌላ ቦታ ነው። አንደኛ፣ መጀመር ያቅታል። ሁለተኛ፣ ከተጀመረም በኋላ አንዱን ዕቃ አንስቶ "ይሂድ" ለማለት መጨከን ያቅታል። እዚህ የምናየው እነዚህን ሁለቱን ነው። ሁለተኛውን ላስቀድም፣ ምክንያቱም መጀመር የሚያቅተን አብዛኛውን ጊዜ መጨከኑ እንደሚያስቸግረን ከወዲሁ ስለምናውቅ ነው።

ለምን አንጨክንም?

"ሰነፍ ስለሆንኩ ነው" የሚለው መልስ አፍ ላይ ይቀድማል። ብዙም አያስረዳም። መሥሪያ ቤት ውስጥ ቀልጣፋ የተባለ፣ ቀጠሮ የማያሳልፍ ሰው ቤቱ ሲገባ ዕቃ ላይ ዕቃ የተከመረበት ሊሆን ይችላል። የሚይዘው ስንፍና ቢሆን ኖሮ ሥራው ላይም በታየ ነበር።

የመጀመሪያው ምክንያት ባለቤትነት ራሱ ነው። በ1990 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዳንኤል ካነማን፣ ጃክ ክኔች እና ሪቻርድ ቴለር የተባሉ ተመራማሪዎች አንድ ቀላል ሙከራ አሳተሙ። ከተማሪዎች መካከል ለከፊሉ ኩባያ ሰጡ፣ ለቀሪዎቹ አልሰጡም። ከዚያ ኩባያ የያዙትን "በስንት ትሸጡታላችሁ?"፣ ያልያዙትን ደግሞ "በስንት ትገዙታላችሁ?" ብለው ጠየቁ። ሻጮቹ የፈለጉት ዋጋ ገዢዎቹ ሊከፍሉ ከፈቀዱት እጥፍ ገደማ ሆነ። ኩባያው ያው አንድ ዓይነት ነው። ማን ይድረሰው የሚለውም የዕጣ ጉዳይ ነበር። ልዩነቱ "የኔ ነው" የሚለው ስሜት ብቻ ነው፤ እሱም ገና መወለዱ ነበር። እንግዲህ ለዓመታት ቁምሳጥን ውስጥ የኖረው ኮት ስንት ሊያወጣ ነው?

ከዚህ በስተጀርባ ካነማን ከአሞስ ትቨርስኪ ጋር በ1979 ያስረዱት ነገር አለ። ሰው አንድን ነገር ማጣቱ የሚያሳምመው ያንኑ ነገር ማግኘቱ ከሚያስደስተው በላይ ነው። ዕቃ ለማውጣት ስንቀመጥ አእምሯችን የሚቆጥረው የሚገኘውን ባዶ ቦታ አይደለም። የሚሄደውን እየቆጠረ ነው። አንድ በአንድ፣ መቶ ትንንሽ ማጣቶችን በአንድ ከሰዓት ማስተናገድ ደግሞ ያደክማል።

ሌላው የወጣበት ገንዘብ ነው። "ስንት አውጥቼበት!" የምትለዋ ቃል ስንቱን ኮተት ከነአቧራው አኑራዋለች። ሃል አርክስ እና ካትሪን ብሉመር በ1985 ባሳተሙት ጥናት የዓመት የቴአትር ትኬት የሚገዙ ሰዎችን ተከታትለዋል። ለአንዳንዶቹ ሳይጠብቁት ቅናሽ ተደረገላቸው፤ ሌሎቹ ሙሉውን ከፈሉ። በዓመቱ የመጀመሪያ አጋማሽ ሙሉውን የከፈሉት ቅናሽ ካገኙት ይልቅ ብዙ ቴአትር አዩ። ትኬቱ አንድ፣ ቴአትሩ አንድ። ወደ አዳራሹ የገፋቸው አስቀድሞ የወጣው ገንዘብ ነው። ቤት ውስጥም እንዲሁ ነው። ልብስ ማስጫ የሆነው የስፖርት መሣሪያ የማይወጣው ስለሚሠሩበት አይደለም፣ ውድ ስለነበረ ነው። ገንዘቡ ግን የሄደው በተገዛበት ቀን ነው። ዕቃውን ማስቀመጥ አያስመልሰውም። እንዲያውም ዕቃው አሁንም እያስከፈለ ነው፤ ቦታ ይይዛል፣ ይወለወላል፣ ቤት ሲቀየር ይጫናል፣ በታየ ቁጥር ደግሞ ይወቅሳል።

ከዚያ "አንድ ቀን ይፈለግ ይሆናል" ይመጣል። እዚህ ላይ ከብዙ መካሪዎች ጋር አልስማማም። "ለአንድ ዓመት ያልነካኸውን ሁሉ ጣል" የሚል ምክር ሲነገር ሰምታችኋል። ይህ ነገ ሌላ መግዛት ለማያስጨንቀው ሰው ጥሩ ነው። እጥረትን ላየ፣ ዛሬ የጣለውን ነገ ለመግዛት አቅም እንደማይኖረው ለሚያውቅ ሰው ግን ዕቃ ማስቀመጥ ጅልነት አይደለም። መጠባበቂያ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው በ"ለምን ትሰበስባለህ" ወቀሳ ማሳፈር ምንም አይረዳውም። የሚረዳው ሁለት ነገሮችን ለይቶ ማየት ነው፤ ቢያስፈልገኝ መልሼ ማግኘቱ ምን ያህል ይከብደኛል? የማስፈለጉስ ዕድል ምን ያህል ነው? ወፍራሙ ብርድ ልብስ ቢጣል መተካቱ ያስቸግራል፣ ስለዚህ ይቀመጥ። ክዳናቸው የጠፋ ፕላስቲክ ዕቃዎች ግን ቢሄዱ ማን ይፈልጋቸዋል? ደግሞም መጠባበቂያ የሚጠቅመው ሲፈለግ ከተገኘ ነው። የት እንዳለ ስላልታወቀ ሌላ የተገዛለት መቀስ መጠባበቂያ አልነበረም።

በጣም ስውሩ ምክንያት ግን ዕቃ ስለ ራሳችን የሚናገረው ነገር ይመስለኛል። ራስል ቤልክ የተባለው ተመራማሪ በ1988 ሰው ንብረቱን የማንነቱ አካል አድርጎ እንደሚያይ ጽፏል። ጥግ የቆመው ጊታር፣ ገና ያልተገለጠው የቋንቋ መማሪያ፣ የማይበቃው ሱሪ የዛሬውን እኛን አያገለግሉም። ልንሆን የፈለግነውን ሰው ወክለው ነው የተቀመጡት። ጊታሩን መስጠት "አልችለውም ማለት ነው" ብሎ መፈረም ይመስላል። ስጦታም እንዲሁ ነው። የማንወደውን የአበባ ማስቀመጫ ስናወጣ የሰጠንን ሰው ከቤት ያስወጣን ያህል ይሰማናል። የሰጠን ሰው ግን አስቦን ሰጥቷል፣ እኛም አመስግነን ተቀብለናል፤ የስጦታው ሥራ እዚያው አልቋል። ከዚያ ወዲያ ዕቃው ዕቃ ነው።

እነዚህ ሁሉ ሲደመሩ አንድ ነገር ግልጽ ይሆናል። አንድ ካርቶን ማጣራት ጉልበት የሚፈልግ ሥራ አይደለም፣ ሃምሳ ያህል ትንንሽ ውሳኔዎችን የሚጠይቅ ሥራ ነው። ከእያንዳንዱ ውሳኔ ጋር ወይ ጸጸት፣ ወይ ፍርሃት፣ ወይ ትዝታ ተያይዟል። ውሳኔውን ስናሳድር ዕቃው ወደ ካርቶኑ ይመለሳል። ስለዚህ "እንዴት ወኔ ላግኝ?" ከማለት "ውሳኔውን እንዴት ላቅልለው?" ማለት ይሻላል።

ዝርክርክ ቤት ምን ያደርገናል?

እዚህ ላይ ብዙ የተጋነነ ነገር ስለሚወራ በጥንቃቄ ልናገር። ዳርቢ ሳክስቢ እና ሬና ሬፔቲ በ2010 ያወጡት ጥናት ሁለቱም የሚሠሩ ባለትዳሮች ቤታቸውን በራሳቸው አንደበት እንዲገልጹ አድርጎ ነበር። ቤታቸውን ዝርክርክና ያላለቀ ሥራ የሞላበት አድርገው የገለጹት ሴቶች ላይ፣ ኮርቲሶል የተባለው ከጭንቀት ጋር የሚያያዝ ሆርሞን በቀኑ ውስጥ እንደሚጠበቀው አልወረደም። ባሎቹ ላይ ተመሳሳይ ነገር በግልጽ አልታየም። ምክንያቱን መገመት አያቅትም፤ ያንን ክምር "የኔ ሥራ ነው" ብሎ የሚያየው ማን እንደሆነ አስቡት። ጥናቱ ግን ዝርክርክነቱ ጭንቀቱን አመጣ ብሎ አላረጋገጠም። የተጨነቀ ሰው ቤቱን ለማስተካከል አቅም ያጣ ይሆናል፤ ሁለቱ እየተመጋገቡም ይሆናል።

ትኩረትን በተመለከተ ስቴፋኒ ማክሜይንስ እና ሳቢን ካስትነር በ2011 አንድ ነገር አሳይተዋል። ዓይናችን ፊት ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ሲቀመጥ፣ ነገሮቹ በአእምሯችን ውስጥ ቦታ ለማግኘት ይሻማሉ። ሥራው የላቦራቶሪ ነው፣ የማንንም ሳሎን አልለካም። ግን የተዝረከረከ ጠረጴዛ ላይ አንድ ወረቀት ማንበብ ለምን እንደሚያስቸግር ይጠቁማል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚታመነው በየቀኑ የሚያጋጥመው ነው። ቁልፍ ይጠፋል። ያለ ዕቃ ድጋሚ ይገዛል። ኮሪደር ላይ የተቀመጠ ካርቶን በጨለማ ያደናቅፋል፤ አረጋዊ ባለበት ቤት ደግሞ መውደቅ ቀላል ነገር አይደለም።

ወኔ ከኋላ ነው የሚመጣው

አብዛኞቻችን መጀመሪያ ወኔ ይመጣል፣ ከዚያ ሥራ ይጀመራል ብለን እናስባለን። የድባቴ ሕክምና ላይ የሚሠሩ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት አንድ የታወቀ ዘዴ ይህን ገልብጦታል። ታካሚው ስሜቱ እስኪስተካከል ቁጭ ብሎ እንዲጠብቅ አይነገረውም። ትንሽ፣ ግልጽ፣ ሰዓት የተያዘለት ነገር እንዲያደርግ ይታገዛል። ስሜቱ ከድርጊቱ በኋላ ይከተላል። ቤት ለማጣራት ሕመምተኛ መሆን አያስፈልግም፤ መርሁ ግን ለሁላችንም ይሠራል። አንድ መሳቢያ ጨርሶ የዘጋ ሰው ሁለተኛውን ሊከፍት እጁ ይዘረጋል።

ትንሽ ስል በእውነት ትንሽ ማለቴ ነው። "ቤቱን አጣራለሁ" ሥራ አይደለም፣ ምኞት ነው። "መኝታ ቤቱን" ራሱ ትልቅ ነው። "ከአልጋው አጠገብ ያለችው መሳቢያ" ግን ሥራ ነው። የስልክ ሰዓት ለሩብ ሰዓት ይሞላ፤ ሲጮህ ይቁም። ማቆሙ እንደ መጀመሩ ያስፈልጋል። ነገ መሳቢያ መክፈት ሲታሰብ "ቀኑን ሙሉ ሊበላኝ ነው" የሚል ስጋት እንዳይመጣ ያደርጋል።

ሁሉንም ልብስ አልጋ ላይ ዘርግፉ የሚል ምክርም አለ። ሙሉ ቀን፣ ሙሉ ጉልበት፣ ልጆችን የሚይዝ ሌላ ሰው ላለው ይሠራለት ይሆናል። ከሥራ ደክሞ ለገባ ሰው ግን ዝርክርኩን ወደ ትርምስ መቀየር ነው። ምሽት ይሆናል፣ አልጋው አልተለቀቀም፣ መጨረሻው ሁሉንም ጠቅልሎ መልሶ ማጨቅ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ለወራት ማንም አይነካውም።

ፒተር ጎልዊትዘር የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1999 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሐሳብን ከተወሰነ ጊዜና ሁኔታ ጋር ማሰር ለመፈጸም እንደሚረዳ አስረድቷል። "በዚህ ሳምንት እሠራለሁ" ከማለት "እራት በልቼ ሳህን እንዳጠብኩ፣ ከመቀመጤ በፊት አንዷን መሳቢያ እከፍታለሁ" ማለት ይሻላል። "ከመቀመጤ በፊት" የምትለዋን አደራ። ሶፋ ላይ ከተቀመጡ በኋላ መነሳት ሌላ ትግል ነው።

ምክንያቱም ተጨባጭ ይሁን። "ቤቱ እንዲያምር" የሚለው ማንንም ከሶፋ አያስነሳም። "ልጄ የቤት ሥራውን የሚሠራበት ጠረጴዛ እንዲለቀቅ"፣ "እናቴ ስትመጣ የምትተኛበት ክፍል እንዲኖር"፣ "ጠዋት የሚለበስ ፍለጋ እንዳልዋትት" ግን ያስነሳሉ። ስለዚህ መጀመሪያ የሚነካው ቦታ የዚያ ምክንያት ቦታ ይሁን። ብዙ ሰው ዕቃ ማስቀመጫ ክፍሉን ነው የሚያስቀድመው፣ እዚያ ብዙ ኮተት ስላለ። ችግሩ እዚያ የተሠራውን ማንም አያየውም። በየቀኑ ዓይን የሚያርፍበት ቦታ ሲጠራ ግን በየቀኑ "አይ፣ ይቻላል ለካ" ያሰኛል።

አጠገብ ሰው መኖሩም ይረዳል። መርዳት እንኳን የለበትም፤ ቁጭ ብሎ ቢያወራ ይበቃል። ሰውየው ግን ስለ እያንዳንዱ ዕቃ አስተያየት የሚሰጥ ዓይነት ከሆነ ይቅርባችሁ። "እንዴ! ይሄንማ አትጥይው" የሚል አንድ ዘመድ የሁለት ሰዓት ሥራ ያፈርሳል።

ከምን ይጀመር?

ውሳኔ ከማይፈልገው። የመጀመሪያው ዙር ቆሻሻ ብቻ ነው። የደረቀ እስክሪብቶ፣ ባዶ ጠርሙስ፣ የተቀደደ ፌስታል፣ የተሰበረና ማንም የማይጠግነው ነገር፣ ቀኑ ያለፈበት መዋቢያ። እዚህ ላይ የሚያሳሳ ነገር የለም። ግን ቦታው ይቀየራል፣ እጅም ይፍታታል። ከዚያ ድግግሞሽ፤ አምስት መክፈቻ ካለ የሚወደዱት ሁለቱ ይቅሩ። ልብስና ጫማ ከዚያ ይከተላሉ። ወረቀት አሰልቺ ስለሆነ ለብቻው ቀን ይፈልጋል። ፎቶ፣ ደብዳቤና የሟች ዕቃ ደግሞ መጨረሻ ላይ ናቸው። ከእነሱ የጀመረ ሰው አንድ ደብዳቤ ሲያነብ ይመሽበታል።

ውሳኔ ላይ ስትደርሱ "ልጣለው ወይስ ላስቀምጠው?" ብላችሁ አትጠይቁ። ያ ጥያቄ ዕቃውን እንደያዛችሁት ነው የሚጠይቃችሁ፤ የኩባያው ሙከራ ደግሞ የያዘ ሰው እንዴት እንደሚመልስ አሳይቶናል። ገልብጡት። "ባይኖረኝ ኖሮ ዛሬ ገንዘብ አውጥቼ እገዛው ነበር?" በሉ። ለልብስ ከሆነ "ነገ ለብሼው እወጣለሁ?" ማለት ይቻላል። መልሱ ብዙ ጊዜ ሳይታሰብ ይመጣል።

አንድ ትንሽ ዘዴም አለች። ጆአን ፔክ እና ሱዛን ሹ በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰው ዕቃን በእጁ ሲነካው ብቻ የኔነት ስሜቱ እንደሚጨምር አሳይተዋል። የሚያሳሳችሁን ዕቃ ሌላ ሰው ይያዝላችሁ፤ እናንተ እያያችሁ ወስኑ።

አልወስን ያለውን ደግሞ መታገል አያስፈልግም። ካርቶን ውስጥ ይግባ፣ ይታሸግ፣ የዛሬ ስድስት ወር ቀን ይጻፍበት። ቀኑ ሲደርስ ካርቶኑ ካልተከፈተ፣ ሳይታይ ይሂድ። መክፈት ፈተና ነው። አንድ ካርቶን ግን ይበቃል፤ አምስት ከሆነ ኮተቱ ስሙን ቀይሯል እንጂ አልወጣም።

ከበሩ አጠገብ የቀረው ፌስታል

ብዙ ጥሩ ጅምር የሚሞተው እዚህ ነው። ልብሱ ተለየ፣ ፌስታል ውስጥ ገባ፣ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። አንድ ሳምንት። ሁለት ሳምንት። ከዚያ አንድ ሰው ያልፍና "ይሄ ሸሚዝ እኮ ደህና ነው" ብሎ ይመዝዘዋል። ከቤት ያልወጣ ዕቃ አልወጣም። ስለዚህ መሳቢያ ከመከፈቱ በፊት ዕቃው የት እንደሚሄድ፣ ማን እንደሚወስደው፣ መቼ እንደሚወሰድ ይታወቅ። በኔ ግምት ይህች አንዲት ነገር ከቅርጫትና ከመደርደሪያ ሁሉ ትበልጣለች።

መሸጥ የሚያዋጣው ለጥቂት ዕቃ ነው። ፎቶ ማንሳት፣ ዋጋ መከራከር፣ መጥቶ የሚቀር ገዢ መጠበቅ አለው። ደግሞ የምታስቡት ዋጋና የሚሰጣችሁ ዋጋ አይገናኙም፤ ምክንያቱን ከላይ አይተነዋል። ገንዘቡ ካስፈለጋችሁ ሽጡ፣ ግን ቀን ቁረጡለት። እስከዚያ ካልተሸጠ ይሰጥ።

መስጠት ለብዙ ሰው ከመጣል ይቀላል። ዕቃው ሥራ እንዳገኘ ማወቁ ልብን ያሳርፋል። ግን የተቀደደና የቆሸሸ ነገር መስጠት ቆሻሻን ወደ ሌላ ሰው ቤት ማዛወር ነው። ይታጠብ፣ ይሠራ እንደሆነ ይሞከር፣ ክዳኑና ገመዱ አብሮ ይሁን፣ ተቀባዩም ይፈልገው እንደሆነ አስቀድሞ ይጠየቅ። ዕቃ ላለመጣል ብቻ ለዘመድ ማሸከምም ደግ አይደለም።

ከመደበኛ ቆሻሻ ጋር የማይጣሉም አሉ። የስልክና የላፕቶፕ ሊቲየም ባትሪ ሲጨፈለቅ ወይም ሲበሳ እሳት ሊያስነሳ ይችላል፤ ለብቻው ተለይቶ ወደሚሰበሰብበት ይወሰድ። ጠምዛዛው የፍሎረሰንት አምፖል ውስጥ ሜርኩሪ አለ፣ መሰበር የለበትም። ቀኑ ያለፈበት መድኃኒት መጸዳጃ ውስጥ አይደፋ፤ የሚቀበል ፋርማሲ ካለ እዚያ ይመለስ፣ ከሌለ ከአፈር ጋር ተቀላቅሎ፣ በደንብ ታሽጎ፣ ልጆች በማይደርሱበት ይጣል። በ2022 በዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ተፈጥሯል፤ በሥርዓት ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ ለመዋል እንደበቃ የተመዘገበው ከሩብ በታች ነው። ስለዚህ አሮጌው ስልክ መሳቢያ ውስጥ ከሚሞት ገና ሲሠራ ለሚፈልገው ቢሰጥ ይሻላል። ከመሰጠቱ በፊት ግን ሲም ካርዱና ሚሞሪው ይውጣ፣ ከአካውንቶቹ ይወጣ፣ ስልኩም ወደ ፋብሪካ ሁኔታው ይመለስ። ኮምፒውተር ላይ ፋይል "ዲሊት" ማድረግ ብቻውን መረጃውን አያጠፋም።

ወረቀት ላይ ብቻ አትጨክኑ። የትምህርት ማስረጃ፣ የልደትና የጋብቻ ሰነድ፣ የቤት ካርታ፣ ውል፣ የሕክምና ውጤት ይቀመጡ። ግብር ነክ ሰነድ ስንት ዓመት መቆየት እንዳለበት እንደየአገሩ ሕግ ስለሚለያይ፣ ከመጣሉ በፊት ይጠየቅ።

የሌላ ሰው ዕቃ

የራሳችንን ኮተት "ንብረት" እንለዋለን፣ የሌላውን ንብረት "ኮተት"። ቤት ማጣራት የጀመረ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው የባሉ መሣሪያ ሳጥን ወይም የሚስቱ ጫማ ላይ ነው። አትንኩ። በስውር የተጣለ አንድ ዕቃ ሲታወቅ፣ ባለቤቱ ከዚያ በኋላ የቀረውን ሁሉ አጥብቆ ይይዛል። ከራሳችሁ ጀምሩ፤ የተለቀቀው ቦታ ራሱ ወሬ ያነሳል። ለልጆች "መጫወቻህን ቀንስ" ከማለት "ይህች ሣጥን የምትይዘውን ያህል አንተ ምረጥ" ማለት ይቀላል። የሚጣለውን ሳይሆን የሚቀረውን ነው የሚመርጡት። ለአዋቂም ይሠራል።

የትዝታ ዕቃ ላይ ጥሩ ዜና አለ። ካረን ዊንተሪክ፣ ሬቤካ ሬቼክ እና ጁሊ አርዊን በ2017 ያወጡት ጥናት በዩኒቨርሲቲ መኖሪያ ክፍሎች የዕቃ ልገሳ ዘመቻ አድርጎ ነበር። አንዳንድ ሕንፃዎች ላይ "የትዝታ ዕቃችሁን ፎቶ አንሱና ስጡ" ተባለ፤ ሌሎቹ ላይ "ሰብስባችሁ ስጡ" ብቻ ተባለ። ፎቶ አንሱ የተባሉት 15 ከመቶ ገደማ ብልጫ ያለው ዕቃ ሰጡ። ሰው የሚሳሳው ለጨርቁ አልነበረም፣ ትዝታው አብሮ እንዳይሄድ ነው። ፎቶው ያንን ስጋት ያነሳል። ከብዙ ተመሳሳይ ነገር አንዱን ማስቀረትም ይረዳል፤ የልጁ የሕፃንነት ልብስ ሁሉ ከሚታጨቅ አንዷ ሹራብ በክብር ትቀመጥ። በቅርቡ ሰው የሞተበት ግን አይቸኩል። የኪራይ ቤት መልቀቅ ዓይነት የሚያስገድድ ነገር ከሌለ፣ ቁምሳጥኑ ሊቆይ ይችላል።

ችግሩ ከወኔ ማነስ የሚያልፍባቸው ሰዎችም አሉ። ዕቃ ለማውጣት ማሰቡ ብቻ ከባድ ጭንቀት የሚያመጣ፣ አልጋው መተኛ፣ ምድጃው ማብሰያ መሆን እስኪያቅተው ድረስ ቤቱ የሞላ ከሆነ፣ ይህ በሕክምና የታወቀ ሁኔታ ነው። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 ባወጣው መመሪያ ራሱን የቻለ ሕመም አድርጎ መዝግቦታል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በበሽታዎች ዝርዝሩ ውስጥ አካቶታል። ለዚህ ሰው "ተነስና ጣለው" ማለት አይረዳም። ሰውየው በሌለበት ቤቱን ጠርጎ ማውጣትም መተማመንን ይሰብራል፤ ቤቱም ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይሞላል። የንግግር ሕክምና የሚሰጥ ባለሙያ ጋ መሄድ ነው የሚያስፈልገው።

ለቀሪዎቻችን አንድ የሚቀር ነገር አለ፤ የሚገባው። ከሚወጣው በላይ የሚገባ ከሆነ፣ ማጣራቱ ጣሪያው እያፈሰሰ ወለል እንደ መወልወል ነው። ነጻ ስለሆነ የተወሰደ፣ ቅናሽ ስለነበረ የተገዛ፣ "ለማንኛውም" ተብሎ የመጣ ዕቃ ሁሉ ነገ ያው ውሳኔ ይጠብቀዋል። ከመግዛት በፊት "የት ላስቀምጠው ነው?" ብሎ መጠየቅ ብዙ ነገር ያስቀራል። የሚቀመጥበት መሳቢያ ወይም መደርደሪያ በስም ካልተጠራ፣ ለጊዜው ይቆይ።

የመጀመሪያው ዙር ሲያልቅ ደግሞ ቤቱ እንደታሰበው ባዶ አይመስልም። የመጀመሪያ ዙር ላይ ሰው ይሳሳል፣ ብዙ ነገር "ይሁን፣ ይቆይ" ይባላል። ከጥቂት ወር በኋላ ያንኑ መሳቢያ ድጋሚ ክፈቱት። የሄደውን አንዱንም እንዳልፈለጋችሁት ስላያችሁ፣ ያን ጊዜ እጃችሁን የያዘው ዕቃ አሁን በቀላሉ ይወጣል።